ሶሪትና ስም አውጪዎቿ

ሶሪትን ጥድ ላይ ሆና ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። አረንጓዴ ደረቷ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየሮጠች ፍሬ ትለቅማለች እንጂ መብረር አታበዛም። ድንገት ወደሚቀጥለው ዛፍ ስትሻገር ግን ከክንፏ ሥር የተደበቀው ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ታርፋለች፣ ክንፏን ትከድናለች፣ ቀዩም ይጠፋል። እኔ ይህን ያየሁት በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አጠገቤ የነበሩት አባት ቀና እንኳ ሳይሉ፣ በድምጿ ብቻ «ሶሪት ናት» አሉኝ።

በአማርኛ ስሟ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል። እንደ «አሮጊት» በ«ኢት» ስለሚያልቅ ሁሌም በሴት አንቀጽ ትጠራለች። ወንዱና ሴቷ በመልክ ስለማይለዩ የሚከራከር አይገኝም።

ሳይንሳዊ ስሟ ታውራኮ ሉኮቲስ ነው። ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ «ሉኮቲስ» በግሪክኛ «ነጭ ጆሮ» ማለት ነው። ከጆሮዋ ወደ አንገቷ የሚወርደውን ነጭ መስመር ያየ ሰው ስሙን አይነቅፍም። የቤተሰቡ መጠሪያ ግን «ሙዝ በሊታዎች» የሚል ትርጉም አለው፤ ሙዝ እምብዛም ለማይቀምሱ ወፎች! የሶሪት ምግብ በአመዛኙ የጥድ፣ የሾላና የመሳሰሉት ዛፎች ፍሬ ነው።

የቤተሰቡ አባላት ከሃያ በላይ ሲሆኑ ሁሉም የአፍሪካ ብቻ ናቸው። ስማቸው ግን ዓለምን ዞሯል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የምዕራብ አፍሪካዋን ዘመዷን ከኩኩ ወፎች ጋር መድቦ «ፐርሳ» አላት፤ የፋርስ እንደማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ «ሉሪ» የተባሉት በቀቀንን ከሚጠራ የማላይ ቃል ሲሆን፣ ቃሉን ይዘውት የመጡት ደች ሰፋሪዎች ናቸው። ግራጫዋና ሆደ ነጯ የአዋሽ ዘመዳቸው ደግሞ ጩኸቷ በፈረንጆቹ ጆሮ «ሂድ ከዚህ» የሚል ስለመሰላቸው በዚያው ጠሯት።

ቀዩ ቀለም ራሱ የራሱ ስም አለው፤ ቱራሲን። እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው ጥናት መዳብ ያለበት ቀለም መሆኑን አሳይቷል። ላባው በሳሙናማ ውሃ ሲነከር ቀለሙን ይለቃል። አረንጓዴውም እንዲሁ መዳብ አለበት፤ ይህ ደግሞ በወፎች ዓለም ብርቅ ነው፤ የብዙዎቹ ወፎች አረንጓዴ የሚገኘው ከብርሃን አሰባበርና ከቢጫ ቀለም ቅልቅል ነውና።

ከስሞቹ ሁሉ እኔን የሚያስገርመኝ የሶሪት እህት ስም ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆን ተገደለ። ከተረፈው ጓዙ ውስጥ ማንም የማያውቃት፣ ጉትያዋ ነጣ ያለ ወፍ ተገኘች። የት እንደተገደለች የሚናገር ጽሑፍ አልነበራትም። የወፍ ተመራማሪው ቶማሶ ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1896 በሟቹ ስም ታውራኮ ሩስፖሊ አላት። ሳይንስ በዱር መልሶ ያገኛት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በቦረና አሬሮ ጫካ አካባቢ ነው። አሬሮና ነገሌ ያደጉ ሰዎች ግን መቼም አልጠፋችባቸውም።

ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። መኖሪያዋ በደቡብ ባሉ ጥቂት ደኖችና የወንዝ ዳር ዛፎች የተወሰነ ሲሆን፣ ሶሪት ወደ ሠፈሯ እየዘለቀች ከእሷ ጋር ስትዳቀል ታይታለች። በመጽሐፎቻችን ሳይቀር «የሩስፖሊ ሶሪት» ስንላት ያለ አንዳች ሐፍረት ነው። ስም የሰጣት ሰው በሕይወት አይቷት አያውቅም፤ ስሙን ያዋሳትም አንዷን ገድሎ ነው የሄደው። ነገሌ፣ ዋደራና አሬሮ ያደጋችሁ አንባቢዎች፣ በልጅነታችሁ ምን ብላችሁ ትጠሯት እንደነበር ጻፉልን።