የወለጋ ዝባድና የቤት ሽቶ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላል ያገራችን ተረት። ይህ ተረት ለሽቶ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ከነቀምቴ ሱቅ የተገዛችው የባሕር ማዶ ሽቶ በሳጥን ተቈልፋ ትቀመጥና በዓመት በዓል ቀን ብቻ ጠብ ጠብ ትደረጋለች። ነገር ግን ለታላላቆቹ የአውሮፓ ሽቶዎች መሠረት ሆነው ከኖሩት ነገሮች አንዱ ይወጣ የነበረው ከዚሁ ከወለጋና ከአጎራባቾቹ አገሮች መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ይኸውም ዝባድ ነው።

ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። ጥርኝ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የድመት ወገን አይደለም። ሌሊት የሚንቀሳቀስ፥ ፍራፍሬም ነፍሳትም ትንንሽ እንስሳትም የሚበላ፥ የራሱ ወገን ያለው አውሬ ነው። ከጅራቱ በታች ባለው ከረጢት የሚጠራቀመውን ቅባት በዱር ሳለ ለምልክት በግንድና በድንጋይ ላይ ይቀባዋል። ይህ ቅባት ብቻውን ሲያሸቱት አፍንጫ የሚያስይዝ ነው፤ እጅግ ጥቂቱ ከሌላ መዓዛ ጋር ሲቀላቀል ግን ሽታውን ያለሰልሰዋል፥ ቶሎ በንኖ እንዳይጠፋም ይይዘዋል። ሽቶ ቀማሚዎች የፈለጉትም ስለዚህ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች ዝባዱን በበሬ ቀንድ አሽገው፥ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር በሌቃ ከሚገኘው ከቢሎ ገበያ አንሥተው፥ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ባሶ ያደርሱት ነበር። ከዚያም በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ይወርዳል። የኋላ ኋላም የሽቶ ከተማ በምትባለው በፈረንሳይ አገር በግራስ ቀንዱ ይከፈታል። አገራችንም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ዋነኛዋ የዝባድ ላኪ ሆና ቈይታለች።

ነገር ግን ስለ መዓዛው ስንናገር ስለ ጥርኙ ዝም ማለት አይገባም። ወንዱ ጥርኝ ከዱር በወጥመድ ይያዝና እንደ ልቡ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ፥ ጢስና ሙቀት ባለበት ጎጆ ይቀመጣል። በየአሥር ቀኑ ገደማ ተይዞ ዝባዱ በማንኪያ መሳይ መሣሪያ ይጠረጋል። በዚህ አያያዝ ብዙዎቹ ይሞታሉ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ጠባቂዎች ነገሩን ለዓለም ስላሳወቁ፥ አያሌ ሽቶ ሠሪዎች ከተፈጥሮው ዝባድ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ይህንንም ለማድረግ ሳይንስ አስቀድሞ መንገድ አዘጋጅቶላቸዋል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ የዝባድ መዓዛ ዋና ምንጭ የሆነው ነገር 17 የካርቦን አቶሞች በቀለበት ተያይዘው የተሠራ መሆኑን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ገለጠ። በ1939 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዛሬ ያው መዓዛ በፋብሪካ ይሠራል። እንግዲህ ጉዳቱ በጥርኝ ጠባቂው ገበሬ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ገበሬውን ብቻ መውቀስም ፍርድ ማጓደል ነው፤ ቀንዱን ገዝቶ በውድ ዋጋ ጠርሙስ የሸጠው ሌላ ነውና።

ታዲያ የነቀምቴ፥ የጊምቢ ወይም የደምቢ ዶሎ እመቤት ያለ ጥርኝ ሥቃይ፥ ያለ ብዙ ወጪም በቤቷ ሽቶ ልትሠራ አትችልምን? ትችላለች። እናቶቻችን አደስን ወቅጠው ከለጋ ቅቤ ጋር ለውሰው ጠጕራቸውን ሲቀቡ፥ ቅቤውን በኮሰረት ሲያነጥሩ፥ ይህንኑ ጥበብ መሥራታቸው ነበር። ቅባት መዓዛን ይጠጣልና።

ቅቤው እንዳይሻግት የሚፈራ ሰው በሰሊጥ ዘይት ይተካ። የወለጋ ሰሊጥ በዘይቱ ብዛት በውጭ ገበያ የታወቀ ስለሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘይቱ ግን ካልተቈላ ሰሊጥ የተጨመቀ ይሁን። አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይትና ግማሽ ብርጭቆ በጥላ በደንብ የደረቀ፥ የተወቀጠ አደስ ወይም ኮሰረት በጠርሙስ ይደረግ። ቅጠሉ እርጥበት ካለው ይሻግታል። ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ማቈየት ነው፤ ዘይቱ መፍላት የለበትም። ከዚያ አንድ ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጥና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

እንደ ሱቁ ሽቶ የሚረጭ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከርቤና ዕጣን ተወቅጠው በንጹሕ፥ ለሰውነት በሚሆን አልኮል ውስጥ ሁለት ሳምንት ይዘፈዘፋሉ፤ በየቀኑ ይነቀነቃሉ፤ ይጠለላሉ። የዝባዱን ምትክ የሚሆነው ይህ ሙጫ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚተን መዓዛውን ይይዛል። የቤት አረቄ ግን ውሃው ስለሚበዛ ለዚህ አይበቃም። የአረቄ ማውጫው ዕቃ ግን ይጠቅማል። በሚገባ ታጥቦ ጠጅ ሳር ከውሃ ጋር ቢፈላበት፥ በሸምበቆው በኩል የሚወርደው ውሃ መልካም ሽታ ይኖረዋል፤ በላዩም ጥቂት የዘይት ጠብታ ይንሳፈፋል። ያን ጠብታ ቀድቶ ወደ ከርቤው ጠርሙስ መጨመር ነው። አልኮል እሳት ስለሚስብ ከምድጃ ይራቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ የማይጎዳ አይደለም። ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ በገላ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ቈዳን ያቃጥላሉ። ማንኛውንም ሽቶ አስቀድሞ በክንድ ውስጥ ገጽ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ብልህነት ነው። ለሕፃን አይቀባ።

ይህ የቤት ሽቶ የግራሱን አያህልም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ጠርሙሱም ያን ያህል አያምርም። ነገር ግን ምን እንደ ገባበት የሠራችው ታውቃለች፤ ለመዓዛው ሲባልም በጨለማ ቀፎ ውስጥ የተጨነቀ ፍጥረት የለም። ከቢሎ ገበያ ዘመን ጀምሮ መዓዛችንን በቀንድ ልከን በጠርሙስ ስንገዛ ኖረናል። በጓሯችን የበቀለው ጠጅ ሳር ግን ዛሬም ማንም ሳይነካው በጠዋት ጤዛ ይሸታል።