የሐሞት ቧንቧ ካንሰርና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

የሐሞት ቧንቧ ካንሰር ዘወትር የሚያጋጥም በሽታ አይደለም። ሆኖም በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በገለምሶ፣ በበደሳ፣ በሂርናም ሆነ በሚኤሶ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ሰገራው የነጣና ሰውነቱን የሚያሳክከው ሕመምተኛ ሊቀርብለት ይችላል። ምልክቱ በብዙዎች ዘንድ «የወፍ በሽታ» እየተባለ በባህል መድኃኒት ስለሚሞከር ሕመምተኛው ሊዘገይ ይችላል። በዚህ መካከል ትኩሳት ከተጨመረ ካንሰሩ ከሚገድለው አስቀድሞ ኢንፌክሽኑ ሊገድለው ይችላል።

ኢንፌክሽኑ እንዴት ይከሰታል?

በጤነኛ ሰው የሐሞት ፈሳሽ ከሞላ ጎደል ከባክቴሪያ የጸዳ ነው። ፍሰቱ ቧንቧውን ያጥባል፤ በጫፉ ያለው ጡንቻም የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ዕጢው ቧንቧውን ሲዘጋ ግን ሐሞቱ ይታቆራል፤ ግፊቱ ሲጨምርም ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል። መዘጋቱን ለማቃለል የሚገባው ስቴንት የጡንቻውን በር ክፍት ያደርገዋል፤ ባክቴሪያዎችም በላዩ ስስ ሽፋን ሠርተው ይራባሉ። የፕላስቲክ ስቴንት በጥቂት ወራት ውስጥ ሊደፈን ይችላል። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ የሚጠቀሙት በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖሩት ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ኢንተሮኮከስ ናቸው።

መድኃኒቱ ለምን ይሳነዋል?

አንዳንድ ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ ሴፍትሪያክሶንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫሉ። ኢንተሮኮከስ ደግሞ በተፈጥሮው በሴፍትሪያክሶን አይጠቃም። ተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ፣ ረጅም የሆስፒታል ቆይታና ስቴንት የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ያበዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣውና በ2024 ባሻሻለው ዝርዝር እነዚህን ሴፋሎስፖሪንና ካርባፔኔም የተላመዱ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከሁሉ አሳሳቢ ከሆኑት መድቧቸዋል።

ከባለሙያው ምን ይጠበቃል?

ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 የገለጻቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነትና የቀኝ ላይኛው ሆድ ሕመም፣ በብዙ ሕሙማን አንድ ላይ አይታዩም። ስለዚህ ስቴንት ያለው ሕመምተኛ ቢያንቀጠቅጠው ወይም የደም ግፊቱ ቢወርድ ሌላውን ምልክት መጠበቅ አይገባም። ካልቸር በሚሠራበት ተቋም ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ደም ይወሰዳል፤ በማይሠራበት ግን ሕክምናው በዚህ ምክንያት ሊዘገይ አይገባም። ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ሥር ወዲያው ይጀመራሉ። ጄንታሚሲን ሲታዘዝ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ኩላሊት በቀላሉ እንደሚጎዳ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ግን የተዘጋው ቧንቧ መከፈቱ ነው። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ አንቲባዮቲክ መለዋወጥ ጊዜን ከማባከንና የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ከመምረጥ በቀር እምብዛም ፋይዳ የለውም። ሐሞቱ በኢንዶስኮፒ፣ በቆዳ በኩል በሚገባ ቱቦ ወይም በቀዶ ሕክምና ከፈሰሰ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የቶኪዮ መመሪያ እንደሚለው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይበቃል።

ከጭሮ እስከ ሐረር 200፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሪፈራሉ ውሳኔ በመጀመሪያው ቀን መወሰድ አለበት። በሪፈራል ወረቀቱም ላይ የትኛው አንቲባዮቲክ፣ መቼና ለስንት ቀን እንደተሰጠ፣ ስቴንቱ የገባበት ቀንና የካልቸር ውጤት ሊሰፍሩ ይገባል። ይህ ካልተጻፈ ተቀባዩ ሐኪም ቀድሞ ያልሠራውን መድኃኒት እንደገና ሊጀምር ይችላል፤ ሕመምተኛውም በመንገድ ያጠፋውን ጊዜ በአልጋ ላይ ይደግመዋል።