በጠረጴዛ ላይ የሚሰለፉ ፈረሰኞች

በዱባይ ኖሮ ናይፍን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተሠራውና በ1956 የዱባይ ፖሊስ ሲመሠረት የመጀመሪያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሆኖ ያገለገለው የናይፍ ምሽግ፣ ዛሬም በሱቆችና በካርጎ ቤቶች መካከል ከነግንቡ ቆሞ ይታያል። ወገኖቻችን ለአገር ቤት የሚልኩትን ልብስ፣ ጫማና የሕፃናት መጫወቻ የሚሸምቱት በዚሁ ሰፈር ነው፤ ከመጫወቻውም መካከል በከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ፣ መልኩ አንዱ ከአንዱ የማይለይ የፕላስቲክ ወታደርና ፈረስ አይታጣም። ሕፃን በሳምንት የሚሰብረውን ይህን ዕቃ አይቶ የሚያልፍ ሰው፣ ከዚያው ከፕላስቲክ ተሠርቶ ሳለ በትምህርቱም በጥበቡም ከዚህ እጅግ የራቀ ሌላ ፈረሰኛ በዓለም ላይ እንዳለ፣ ምሁራንና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደሚሰበስቡት፣ ቀለም ቀብተውም በጠረጴዛ ላይ እንደሚያሰልፉት ላያውቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው የዚያን ፈረሰኛ ነገር ነው፤ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚዛመድበትንም መንገድ ያሳያል።

የጠረጴዛ ጦርነት ጥበብ የተስፋፋው በመጀመሪያ በመኮንኖች መካከል ነው። ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን፣ አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1824 ያወጣው የጦርነት ጨዋታ፣ በካርታ ላይ ትንንሽ ምልክቶችን በማንቀሳቀስና የዕድልን ነገር በዳይስ በመወሰን፣ አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈስ የጦር አመራርን የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ የፕሩሲያ ሠራዊት መኮንኖቹን ያሠለጥንበት ዘንድ ተቀበለው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 በአሳተመው መጽሐፍ፣ በእርሳስ ወታደሮች ማንም ሰው በቤቱ ሊጫወተው የሚችል ቀላል ደንብ አወጣ፤ በ1962 ደግሞ ዶናልድ ፌዘርስቶን የጻፈው መጽሐፍ ሥራውን ሰፊ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አደረገው። በዚያው ዘመን ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ ከእውነተኛው ሰው ከሰባ ጊዜ በላይ የሚያንሱ የፕላስቲክ ወታደሮችን በርካሽ ዋጋ ማውጣት በመጀመሩ፣ ቀድሞ የባለጸጎች ስብስብ የነበረው ሠራዊት ለተማሪ ልጅ ኪስ እንኳ የሚደፈር ሆነ። በኋላም መንትያዎቹ ወንድማማች አለን እና ማይክል ፔሪ በመሠረቱት ፔሪ ሚኒየቸርስ፣ እንዲሁም ቪክትሪክስን በመሰሉ ድርጅቶች አማካይነት፣ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ቅርጹም እስከ ቁልፉና እስከ ልጓሙ ዘለበት ድረስ የተቀረጸ ፈረሰኛ ለገበያ ቀረበ።

ከዘመናት ሁሉ ይልቅ የናፖሌዎን ዘመን ሰብሳቢዎችን የሚማርክበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያን ጊዜ ወታደር ለብሶ የሚሰለፈው ለመደበቅ ሳይሆን ከጭሱ መካከል ለመታየት ስለ ነበረ፣ ከሠራዊቱም ሁሉ በልብሱ የሚያምረው ፈረሰኛው ነበር። ኪራሲዬ የሚባለው ከባድ ፈረሰኛ የብረት ጥሩር በደረቱና በጀርባው አጥልቆ፣ ከራስ ቁሩ በስተኋላ የፈረስ ጭራ አንጠልጥሎ፣ በትልቅ ፈረስ ተቀምጦ የጠላትን ሰልፍ ለመስበር ይላካል። ሁሳር የተባለው ቀላል ፈረሰኛ ደግሞ በወርቅ ዘርፍ ያጌጠ አጭር ካባ በአንድ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ለቅኝትና ለማሳደድ ይወጣል፤ ድራጎኑ በእግርም በፈረስም ይዋጋል፤ ባለ ጦሩ ፈረሰኛ ረጅም ጦሩን ከነባንዲራው ይዞ ይሰለፋል። በዐረብ አገር ለሚኖር አንባቢ ይልቁን የሚያስገርመው፣ ናፖሌዎን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1798 በፒራሚዶች አጠገብ ድል ከነሣቸው ከግብጽ መምሉኮች ወገን ጥቂቶቹ በኋላ ከክብር ዘበኛው ጋር ተደባልቀው፣ ጥምጥማቸውንና ሰፊ ሱሪያቸውን ሳይለውጡ በአውሮጳ በረዶ ውስጥ መዋጋታቸው ነው፤ ዛሬም በሰብሳቢዎች ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ዐይን የሚስበው የእነርሱ ጓድ ነው።

አንዱን ፈረሰኛ ከሳጥኑ አንሥቶ እስከ ሰልፉ ለማድረስ የሚደረገው ድካም ትዕግሥትን የሚያስተምር ጥበበ እድ ነው። በፔሪ የከባድ ፈረሰኞች ሳጥን ውስጥ 14 ፈረሰኞች ከነፈረሶቻቸው በየክፍላቸው ተነጣጥለው፣ ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል በመቁረጫ ይለያል፤ ከቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ የተረፈውን ቀጭን መስመር በስለታም ቢላዋ ይፍቃል፤ የፈረሱን ግራና ቀኝ ጎንም ፕላስቲኩን በጥቂቱ አቅልጦ በሚያዋሕድ ማጣበቂያ ያገናኛል። ለስላሳ ከሆነው ፕላስቲክ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ገጹ ሰም ሰም የሚል ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ካልታጠበ ቀለሙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይላጣል፤ በሳጥኑ ውስጥ የጎበጠውንም ጎራዴ በሙቅ ውኃ ነክሮ ካቀኑት በኋላ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ማጽናት ይገባል። የዱባይ በጋም የራሱን ሕግ ይጨምራል፤ ወበቁ በበረታበት ቀን በጣሳ የሚነፋ የመሠረት ቀለም ጉም መስሎ ይቀራልና፣ ሥራውን አየር በሚቀዘቅዝበት ክፍል በብሩሽ ማድረግ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፈረሱ መልክ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሠሪ በእጁ ያለ ሀብት አለው፤ አያቶቻችን ዳማውን፣ ጉራቹን፣ አምባላዩንና ቦራውን በአንድ እይታ ለይተው በስሙ የሚጠሩ ነበሩና። የከባድ ፈረሰኛው ፈረስ በአብዛኛው ጉራች ወይም የጠቆረ ዳማ ነው፤ መለከት ነፊው ከሩቅ እንዲለይ አምባላይ ይሰጠዋል፤ የስኮትላንድ ግሬይስ ክፍለ ጦርም ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው በአምባላይ ፈረሶች የታወቀ ነበር። በዳማው ግንባር ላይ በቀጭን ብሩሽ የምትነጠበው የቦራ ምልክት፣ ከዚያም በኮርቻው ሥር የሚወጣው የግላስ ጠርዝና የእርካቡ ብልጭታ፣ ግዑዙን ፕላስቲክ የራሱ ጠባይ ያለው ፈረስ ያደርጉታል።

ሠራዊቱ ከተሰለፈ በኋላ ደግሞ ጨዋታው መምህር ይሆናል። እያንዳንዱ ጓድ የሚሄድበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ የግጭቱ ፍጻሜ በደንቡና በዳይሱ ይወሰናል፤ ተጫዋቹም በመጽሐፍ ያነበበውን ነገር በራሱ ውሳኔ ይፈትነዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1807 በአይላው ጦርነት፣ የፈረንሳይ መካከለኛ ሰልፍ በተናወጠ ጊዜ፣ ማርሻል ሚውራ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ፈረሰኛ አስከትሎ በበረዶ ላይ በመጋለብ ሠራዊቱን ከጥፋት አዳነው። በዋተርሎ ጦርነት ግን ማርሻል ኔይ ያንኑ የመሰለ ኃይል ያለ በቂ እግረኛና መድፍ እርዳታ፣ በአራት ማዕዘን ተሰልፎ ሳንጃውን ወደ ውጭ በዘረጋ እግረኛ ላይ ደጋግሞ በመስደዱ፣ ጀግኖቹን በከንቱ አስፈጃቸው። የእንግሊዝ ከባድ ፈረሰኞችም በዚያው ቀን የፈረንሳይን እግረኛ ሰብረው ሁለት የንስር ዓርማ ከማረኩ በኋላ፣ መመለስን ረስተው እስከ መድፎቹ ድረስ ስለ ዘለቁ፣ በባለ ጦር ፈረሰኞች ተከበው አዛዣቸው ጄኔራል ፖንሰንቢ ራሱ ወደቀ። ፈረሰኛ ልጓሙን መቼ እንደሚለቅ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚስብ ማወቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም፤ በጠረጴዛ ላይ የራሱን ጓድ በዚህ ዓይነት ያጠፋ ተጫዋችም ትምህርቱን አይረሳውም።

የዋተርሎ ጦርነት የተደረገበት ዕለት በእኛ አቈጣጠር እሑድ፣ ሰኔ 12 ቀን 1807 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነበር። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ላይ ሳለች፣ የጎንደርን መንግሥት በእንደራሴነት የያዙት የየጁው ራስ ጉግሣ ነበሩ፤ ኃይላቸውም በፈረሰኛ የታወቀ ነበር። ከዚያ በ81ኛው ዓመት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች በዐድዋ ተራሮች መካከል የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ አጠፉት። ፈረስ በእኛ ዘንድ የማዕርግ ምንጭም ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላትም ይህንኑ ዝክር ለመጠበቅ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ ይዘን ሳለ፣ የዓለም ሰብሳቢ የፈረንሳዩን ሁሳር የኮሌታ ቀለም በቃሉ ሲያውቅ፣ የእኛ ልጅ በዐድዋ የጋለበው ፈረሰኛ ምን ዓይነት ኮርቻ እንደ ነበረው፣ ጋሻውን በየትኛው እጁ እንደ ያዘ ሳያውቅ ማደጉ የሚያሳዝን ነው። የውጭ ሰዎችስ ቢሆኑ ፈጽመው አልዘነጉንም፤ በፋሺስት ወረራ ዘመን የእንግሊዙ ብሪቴንስ ድርጅት የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛ በእርሳስ ቀርጾ ሸጦ ነበር። የጐደለው የእኛ የራሳችን ጥናትና እጅ ነው።

ስለዚህ በናይፍና በሻርጃ፣ በዐጅማንም በጠባብ ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ወጣት፣ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍበት የረባ ሥራ ቢፈልግ፣ አንድ ሳጥን ፈረሰኛ፣ አንድ ቢላዋ፣ ሁለት ብሩሽና ጥቂት ቀለም ለመነሻ ይበቁታል፤ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ተመልሶ በአልጋ ሥር በሚገባ ሳጥን ይከተታል። በናፖሌዎን ፈረሰኞች እጁን ካፍታታ በኋላ ግን እዚያ ላይ አይቁም፤ የአያቶቹን ሥዕልና ፎቶግራፍ ይመርምር፣ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፣ ከዚያም የአባ ዳኘውን፣ የአባ ነጋንና የአባ መላን ፈረሰኞች ይቅረጽ። የዐድዋን ፈረሰኛ ለልጆቻችን በመልኩና በልኩ የማሳየት ዕዳ ያለብን እኛው ነን።