በጠፈር ላይ የተሰፋ ክንፍ

ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ጥገናው አያልቅም። ጣሪያው ያፈሳል፤ የበሩ ማጠፊያ ይላላል፤ ሽቦው ይበጠሳል። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ዓለምን በ90 ደቂቃ ገደማ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ልዩነቱ፣ ጠጋኙ ከደጅ ሲወጣ የሚጠብቀው አየር የሌለበት ባዶ ስፍራ መሆኑ ነው።

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንኩራኩሩ ወጥቶ በጠፈር የተንሳፈፈው መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 18 ቀን 1965 ነበር። እርሳቸውም የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሲ ሌኦኖቭ ሲሆኑ፣ ውጪ የቆዩት 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ልብሳቸው ስለ ተነፋ፣ ተመልሰው ለመግባት በውስጡ ያለውን አየር በከፊል ማስተንፈስ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ ወዲህ ግን የውጪው ጉዞ የትርኢት ነገር መሆኑ ቀርቶ የሥራ ነገር ሆነ። የጣቢያው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በዲሴምበር 1998 ሲጋጠሙ፣ ወጥተው ሽቦዎቹን ያገናኙት ጄሪ ሮስና ጄምስ ኒውማን ነበሩ።

ክብደት በሌለበት መሥራት ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በምድር ላይ ብሎን የሚፈታ ሰው መሬት ረግጦ ስለሚቆም ኃይሉ ወደ ብሎኑ ይሄዳል። በጠፈር ግን የሚረግጠው ነገር ካላገኘ፣ ብሎኑ ባለበት ቆሞ ሠራተኛው ራሱ ይዞራል። ስለዚህ እግሩን የፈረሰኛ እርካብ በመሰለ መያዣ ውስጥ ያስገባል፤ ራሱንም ሆነ መሣሪያውን ሁሉ በገመድ ያስራል። ልብሱ በኦክሲጅን የተነፋ በመሆኑ፣ ጣቱን ባጠፈ ቁጥር ጓንቲው መልሶ ይገፋዋል፤ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሙሉ ኳስ ሲጨምቅ የዋለ እጅ እንዴት እንደሚዝል አንባቢ ይገምት። በዚህም ምክንያት ለሥራው የታጩ ሰዎች በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ፣ 12 ሜትር ጥልቀት ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ደጋግመው ይለማመዳሉ።

ነገር ግን ያልተለማመዱት ሥራ ቢመጣስ? በኦክቶበር 30 ቀን 2007 የሆነው ይህ ነው። ዲስከቨሪ በተባለው መንኩራኩር የሄዱት ተጓዦች፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ሁለት ታላላቅ ክንፎች ከቀድሞ ስፍራቸው አንሥተው ወደ ጣቢያው ጫፍ አዛውረው ነበር። አንደኛው በደኅና ተዘረጋ። ሁለተኛው፣ 35 ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀጭን ሽቦ ተጠላልፎ ቀደደው። እንዳለ ቢተዉት ጥንካሬ አይኖረውም፤ ቆርጠው ቢጥሉት ደግሞ ከአውሮፓና ከጃፓን ሊመጡ የተዘጋጁት የምርምር ክፍሎች የሚያስፈልጋቸው ኃይል ይጎድላል።

በዚያን ሰሞን የጣቢያው አዛዥ ፔጊ ዊትሰን፣ የመንኩራኩሩም አዛዥ ፓሜላ ሜልሮይ ነበሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሴቶች ሲያዙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሂዩስተን በተላከው መመሪያ መሠረት፣ በጣቢያው ውስጥ ከተገኘው ሽቦና ከአሉሚኒየም ቁራጭ አምስት ማያያዣዎች በእጅ ተሠሩ። የሸሚዝ እጅጌን ከሚይዘው ጌጥ ጋር ስለሚመሳሰሉ የእጅጌ ቁልፍ ተባሉ።

ጥቅምት 23 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለት በኖቬምበር 3 ቀን 2007፣ ዶክተር ስኮት ፓራዚንስኪ ወጡ። እኒህ ሰው በሙያቸው ሐኪም ናቸው፤ መርፌና ክር የለመደ እጅ ለዚህ ቀን መገኘቱ መልካም አጋጣሚ ነበር። እግራቸው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሮ፣ ዘንጉም በጣቢያው ሜካኒካዊ ክንድ ተይዞ፣ ክንዱን ስቴፋኒ ዊልሰንና ዳንኤል ታኒ ከውስጥ እየነዱት በዝግታ ወደ ቀዳዳው ተወሰዱ። ጓደኛቸው ዳግላስ ዊሎክ ከክንፉ ሥር ሆነው ርቀቱን በዓይናቸው ይለኩ ነበር። ከመግቢያው በር እጅግ ስለ ራቁ፣ ልብሳቸው ቢበላሽ ቶሎ የሚመለሱበት መንገድ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ኤሌክትሪኩ ነበር። ክንፉ ከ100 ቮልት በላይ ይዞ ነበር፤ ፀሐይን ደግሞ ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ የልብሱና የመሣሪያዎቹ የብረት ክፍሎች ሁሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ማጣበቂያ ተጠቀለሉ። ክንፉ እየተወዛወዘ ሲጠጋቸው በእጃቸው አልነኩትም፤ በዚሁ ማጣበቂያ በተጠቀለለ በትር ገፋ ያደርጉት ነበር። የተጠላለፈውን ሽቦ ቆረጡ፤ ቀጥሎም ማያያዣዎቹን በክንፉ ላይ በነበሩት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አስገቡ። አንድ ሰው ቁስል ሲሰፋ በችኮላ እንደማይሠራ ሁሉ እርሳቸውም አልቸኮሉም።

አምስተኛው ከገባ በኋላ ጥቂት ራቅ ብለው ቆዩ። በውስጥ ያሉት ክንፉን ቀስ በቀስ መዘርጋት ጀመሩ፤ ማያያዣዎቹም ጭነቱን ተሸከሙ፤ ክንፉ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ። ሥራው በጠቅላላው 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጀ። የአውሮፓው የምርምር ክፍል በፌብሩዋሪ፣ የጃፓኑም ዋና ክፍል በጁን 2008 ከጣቢያው ጋር ተጋጠሙ።

በዚያ ቀን ከእጅ አምልጦ የጠፋው ነገር አንድ ፒንሳ ነበር።