«ልጅ ቶሎ ይረሳል» ይባላል፤ አይረሳም

«ልጅ ምን ያውቃል? ነገ ይረሳዋል።» በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ሰምቷል። ለማጽናናት ይባላል፤ እውነት ግን አይደለም።

ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ እየተጾመ፣ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ነበረች። በእነዚያ ቀናት ተደፍረው ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ቃላቸውን ከሰጡ 16 ሴቶች መካከል፣ ልጆቿ እያለቀሱ የተደፈረች እናት አለች። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተነሣው ውጊያ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ።

ልጅ የደረሰበትን በቃል ባይናገር በሰውነቱ ይናገራል። ሌሊት ይባንናል፤ ትቶት የነበረውን መኝታ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራል፤ በር ሲንኳኳ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይሸጎጣል። «ባለጌ» ብሎ መግረፍ ፍርሃቱን ያብስበታል። የ1977ን የረሀብ ክፉ ቀን በልጅነታቸው ያዩ ዛሬ አያት ሆነዋል፤ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው።

«የአባቱን ሞት አትንገሩት፤ ልቡ ይሰበራል» ሲባል ስሰማ ከሁሉ ይከብደኛል። ለአዋቂ መርዶ እንዴት እንደምንነግር አስቡ፤ ዘመድና ጎረቤት በዝምታ ይሰበሰባል፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፣ ሐዘንተኛው ሲጮህ የሚይዙት እጆች አጠገቡ አሉ። ማንም ብቻውን እንዳይሰማ አባቶቻችን አስበውበታል። ልጁን ግን «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» እንለዋለን። የእናቱን ጥቁር ልብስ እያየ ይጠብቃል፤ አንድ ቀን ከብት ሲጠብቁ የተጣላው ጓደኛው ይነግረዋል። ያን ጊዜ የሚይዘው የለም። ለልጅም መርዶ ይገባዋል፤ በአጭር ቃል፣ በእናቱ ወይም በአያቱ ጉያ፣ እንዳሻው እንዲያለቅስ ተፈቅዶለት።

«ብቻ ከተኩሱ ይራቅ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም የሕፃናት ማቆያ ከፍተው ነበር። እዚያ እንዳዩት፣ ብዙ ሕፃናትን ከቦምቡ ይበልጥ የጎዳቸው ከእናታቸው መለየቱ ነው። ስለዚህ ልጁን መርዳት ከእናቱ ይጀምራል። የተደፈረችን ሴት ጎረቤት ሲሸሻት ልጇም አብሮ ይገለላል። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የንስሐ አባቱ ደጇን ካልረሱ፣ ቡናዋን ከጠጡ፣ ነውሩ የደፋሪው እንጂ የእሷ እንዳልሆነ አገር ያውቃል።

ጸበልና ሕክምናም አይጣሉም። ሳምንታት አልፈውም ልጁን እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለው፣ ከጨዋታም ከራቀ፣ ጸበሉን ሳያቋርጥ ጤና ጣቢያ ይታይ።

መምህራን፣ ትምህርት ቤታችሁ ሲከፈት የመጀመሪያውን ሳምንት ለፈተና አታድርጉት። ልጆቹን በየስማቸው ጥሯቸው፣ አጫውቷቸው። ያረፈደውን አትግረፉት፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠይቁት።