የጀልባ ሞተር ሲግል፦ ፓምፕ ከመግዛት በፊት የውኃውን መንገድ መመርመር

በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ለሚገኙ ገዳማትና አጥቢያዎች ጀልባ መንገድም ድልድይም ነው። እህሉና ንዋየ ቅድሳቱ፣ ሕመምተኛውና ወላዷ፣ እንግዳውና ካህኑ የሚሻገሩት በእርሱ ነው። ታንኳ ዛሬም አገልግሎቱን አልተወም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰውና ከባድ ጭነት የሚጓጓዘው በሞተር ጀልባ በመሆኑ፣ ሞተሩ በሐይቁ መካከል ግሎ ሲቆም የሚመጣው ችግር ከጥገና ወጪ ያለፈ ነው። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲጀምር ኃይል ያጣ ጀልባ የተሳፋሪዎቹን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

በአንድ የደሴት አጥቢያ ያየሁትን ልጥቀስ። ሞተሩ በጋለ ቁጥር ኮሚቴው የውኃ ፓምፕ ይገዛ ነበር፤ ይህም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደረገ። ፓምፑ ይቀየራል፣ ሞተሩ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያም መልሶ ይግላል። ኮሚቴው በመለዋወጫ ሻጩ፣ ሻጩም በጀልባ ነጂው ያሳብብ ጀመር። በመጨረሻ ቴስታታው ሲፈታ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው የውኃ መተላለፊያ እንደ ሸክላ በጠነከረ ደለል ተሞልቶ ተገኘ። ፓምፑ ጥፋት አልነበረበትም፤ የሚልከው ውኃ መሄጃ አጥቶ ነበር እንጂ።

ነገሩን ለመረዳት ውኃው የሚጓዝበትን መንገድ ማወቅ ይበቃል። በጀልባው ኋላ የሚታሰረው ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሐይቁ ውኃ ነው። ውኃው ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ወንፊት ይገባል፤ የጎማ ክንፎች ያሉት ፓምፕ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ይዞራል፤ ቴርሞስታቱን አልፎ ከጭሱ ጋር ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከዚሁ ውኃ ጥቂቱ በሞተሩ ጎን በቀጭኑ ይፈስሳል። ነጂዎች ሞተሩ ደኅና መሆኑን የሚያውቁት ይህን ፍሳሽ በማየት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በበርካታ ሞተሮች ይህ ፍሳሽ የሚመሰክረው ፓምፑ ውኃ መላኩን ብቻ ነው። ውኃው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ መድረሱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ፍሳሹ ብርቱ ሆኖ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። በተቃራኒው ፍሳሹ የቀነሰው መውጫ ቀዳዳው በጭቃ ስለተደፈነ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል፣ ወጪም የለውም።

ጣና ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት የተመቸ ነው። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ የታችኛውን ጭቃ በቀላሉ ያነሣዋል። በክረምት ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ብዙ አፈር ይዘው ይገባሉ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ የተስፋፋው እምቦጭም ወንፊቱን ይደፍናል። ከፍታውም ሌላ ምክንያት ነው፦ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ በተደፈነ መተላለፊያ የቆመ ውኃ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ፈጥኖ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውኃ ሙቀት አይሸከምም።

ምርመራው ከማይከፈልበት ይጀምር። በመጀመሪያ ወንፊቱ ላይ ላስቲክ ወይም አረም አለመኖሩን ማየት፣ ቀጥሎ የፍሳሹን ቀዳዳ መጥረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ነጂው ሞተሩ መቼ እንደሚግል ይጠየቅ። በዝግታ ሲሠራም የሚግል ከሆነ የፓምፑ ጎማ ማርጀቱ ወይም ቴርሞስታቱ መዝጋቱ ይጠረጠራል። በዝግታ ደኅና ሆኖ በሙሉ ኃይል ጭነት ሲጎትት ብቻ የሚግል ከሆነ፣ የውኃው መጠን ማነሱን ያመለክታል፤ ወንፊቱና ፓምፑ ደኅና ከሆኑም መተላለፊያው ጠብቧል ማለት ነው።

ቴርሞስታቱ ተፈትቶ በድስት ውኃ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ ይሞቅ፤ በብዙ የጀልባ ሞተሮች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል መከፈት ይጀምራል። ካልተከፈተ ጥፋቱ የእርሱ ነው። በመኪና ቴርሞስታት መተካት ግን አይገባም፤ የመኪናው የሚከፈተው እጅግ ዘግይቶ ነው። ፓምፑ ሲፈታ የጎማ ክንፍ ተሰብሮ ከጎደለ፣ ቁራጩ የግድ ተፈልጎ መገኘት አለበት፤ ወደ ላይ ሄዶ መተላለፊያውን ዘግቶ ይሆናልና። አዲስ ፓምፕ የገቡ ብዙ ሞተሮች መልሰው የሚግሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ወደ ብሎኩ መሄድ ነው። ከሩቅ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ያለው ባለሙያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ሙቀት ቢያነጻጽር፣ ከሌሎቹ በግልጽ የሚበልጠው የተደፈነበትን ቦታ ይጠቁመዋል። መሣሪያው ከሌለ ሞተሩ ቀዝቅዞ ቴርሞስታቱ እንደተፈታ በቦታው የውኃ ጎማ ገብቶ ንጹሕ ውኃ ወደ ኋላ ይለቀቅ። ከታች በነጻነት ከፈሰሰ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከተንጠባጠበ ወይም ጭቃና የጎማ ስብርባሪ ካመጣ ምክንያቱ ተገኘ።

በውኃ ያልጸዳ ደለል ቴስታታው ተፈትቶ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣል። የባትሪ አሲድ የሚያፈስሱ አሉ፤ ይህ አሉሚኒየሙን ይበላዋልና ፈጽሞ አይደረግ። የዛገ ብሎን በጉልበት ከተፈታ ተሰብሮ ይቀራል፤ ዘይት ተቀብቶ ማደር ይሻለዋል። ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆን አለበት። ይህን ሥራ ልምድ ያለው መካኒክ ይሥራው፤ የኮሚቴው ድርሻ ከላይ ያለው ምርመራ መፈጸሙን ጠይቆ ክፍያውን መፍቀድ ነው።

ነጂዎችም ሦስት ነገር ይነገራቸው። ሞተሩ ሲግል ወዲያው ያጥፉት፤ እስኪቀዘቅዝም ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስሱበት፣ ቴስታታው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላልና። ከውኃ ውጭ ለሙከራ እንኳ አያስነሡት፤ የፓምፑ ጎማ በውኃ ካልረጠበ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ከጉዞ በኋላ በንጹሕ ውኃ አጥበው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ አዘንብለው ከተዉት በውስጡ የቀረው ጭቃማ ውኃ አይወርድም፣ ሲደርቅም ያው ሸክላ ይሆናል።

መቅዘፊያ፣ መልሕቅና የነፍስ አድን ጃኬት በየጉዞው መጫናቸውን የሚቆጣጠር አንድ የኮሚቴ አባል ይመደብ። በጀልባው መዝገብ ላይም ፓምፑ የተቀየረበት ቀን፣ ሞተሩ የጋለበት ሁኔታና የተገኘው ምክንያት ይጻፍ። በዚያ አጥቢያ ሦስቱ ግዥዎች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ፓምፕ ሳይገዛ ጥያቄ ይነሣ ነበር።