የጎንደር መረጃ የት ይሰላል?

በሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳ ዝንጀሮ ሙሉ ጂኖሙ ተነብቦለታል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን በተባለው መጽሔት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት፣ ጭላዳ አየሩ የሳሳበትን ደጋ እንዴት ቻለው የሚለውን ነበር። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን የመያዝ ችሎታው በቆላ ከሚኖሩት ዘመዶቹ ያን ያህል እንደማይለይ፣ የደረቱ ዙሪያ ግን ከእነርሱ የሰፋ መሆኑን አገኙ። በጭላዳዎች መካከል የክሮሞዞም ልዩነት መኖሩም በዚሁ ጥናት ታወቀ። ከጥናቱ ጀርባ ያለው የጭላዳ ፕሮጀክት ከ2006 ጀምሮ በሰሜን ተራሮች መንጋዎችን ሲከታተል ኖሯል። የጂኖሙ ስሌት በዋናነት የተሠራው ግን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

የሰዉም ነገር እንደዚሁ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ደገኞች በደማቸው ያለው የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌት ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ነዋሪዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳዩ። ከአንዲስም ከቲቤትም የተለየ፣ የራሱ መንገድ ያለው መላመድ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በደጋና በቆላ የሚኖሩ አማሮችንና ኦሮሞዎችን ዘረ መል ያወዳደረ ሰፊ ጥናት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ወጣ።

ጎንደር ራሷ የምትሰበስበው መረጃም ቀላል አይደለም። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ይከታተላል። የካላ አዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ ደግሞ ለሥራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ ወርደው በሽታውን ይዘው የሚመለሱ የደጋ ወጣቶችን ያክማል። በሽታው በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ደጋማ ቀበሌዎች በወረርሽኝ ሲነሳ ብዙ ሰው አልጠበቀውም ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋሲ ጂኖም በ36 ክሮሞዞሞች የተከፈለ 32 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው። ከሰው 3 ቢሊዮን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ከብዙ ታማሚ የተወሰደ ናሙና አንድ ላይ ሲነበብና ሲወዳደር ግን የአንድ ላፕቶፕ ሥራ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ ናሙናውም ጥያቄውም እዚህ ነው፤ ስሌቱ ባሕር ይሻገራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ማሽን የለንም» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙም ሲነገር አይሰማም፤ ማሽን ባለበት ቦታ ሁሉ ሶፍትዌሩን የሚተክል፣ የሚያስተካክልና ተመራማሪውን የሚደግፍ ሰው አለ። ይህ ዳሰሳ በዋናነት ስለዚያ ሰው ሥራ ነው።

ሱፐር ኮምፒውተር ሲባል አንድ ግዙፍ ማሽን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከ1994 ወዲህ፣ ናሳ ውስጥ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ተራ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አያይዘው ቢዎልፍ ያሉትን ክላስተር ከሠሩ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ሱፐር ኮምፒውተር በአብዛኛው የብዙ ሰርቨሮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ኖድ ይባላል። የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ነው፤ ከኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም 500 ፈጣን ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ ከሊኑክስ ውጭ በሌላ የሚሠራ የለም። ተመራማሪው በርቀት ይገባል፣ ሥራውን በትእዛዝ ፋይል ጽፎ ያስረክባል፣ ከዚያ ወረፋ ይጠብቃል። ነገሩ ከወፍጮ ቤት አይለይም፤ እህሉን ያመጣ ሁሉ ተራውን ይዞ ይቀመጣል፣ ሩብ ኩንታል ያመጣው በሁለት ትልልቅ ጭነት መካከል ሊገባ ይችላል። ተራውን የሚያስከብረው ሶፍትዌር በብዙ ቦታ ስለርም ይባላል፤ የተጀመረው በአሜሪካ ሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው፣ በነፃ ይገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የሳይንስ ሶፍትዌር እንደ ስልክ መተግበሪያ ተጭኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንድ የአየር ጠባይ ሞዴል፣ ለምሳሌ ደብሊው አር ኤፍ፣ የፎርትራን ኮምፓይለር ይፈልጋል፤ ኔትሲዲኤፍ የተባለ የፋይል ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ ኤችዲኤፍ5ን ይፈልጋል፤ ኖዶቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ኤምፒአይ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓይነት ኮምፓይለር ካልተሠሩ አይግባቡም። አንዱ ስሪት ሲቀየር ሌላው ይሰበራል። ትናንት የሠራው ዛሬ «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ይህን ብቻውን ሊፈታ የተቀመጠ የዶክትሬት ተማሪ ሳምንታት ያልፉታል፤ የሚያልፉት ሳምንታት ከውኃው፣ ከሰብሉ ወይም ከበሽታው ጥናት የተቀነሱ ናቸው።

መፍትሔው በሰው እጅ ቀስ በቀስ የተገነባ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሞጁል ሥርዓት አለ፤ አንድ ማሽን ላይ የአንድ ሶፍትዌር አምስት ስሪቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን በአንድ ትእዛዝ ይጠራል። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ሠራተኞች ተመሳሳይ ተከላ መደጋገሙ ሲያሰለቻቸው ኢዚቢልድ የተባለ መሣሪያ ሠርተው በ2012 ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ሊቨርሞር ደግሞ ስፓክን ሠራ። ሁለቱም የአተካከሉን ቅደም ተከተል በጽሑፍ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ቦታ የተፈታው ችግር ሌላ ቦታ ዳግም አይፈታም። ሌላው መንገድ ኮንቴይነር ነው፤ ሶፍትዌሩን ከነሚፈልገው ሁሉ በአንድ ፋይል አሽጎ ወደየትኛውም ማሽን መውሰድ ያስችላል። ለሱፐር ኮምፒውተር የተመቸው ሲንጉላሪቲ በ2015 ተጀምሮ ዛሬ አፕቴይነር በሚል ስም ይታወቃል። ለእኛ ሁኔታ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ አዲስ አበባ ወይም ኬፕታውን ላይ የተዘጋጀ ኮንቴይነር ጎንደር ላይ ሳይሰበር ሊሠራ ይችላልና።

የስሪት ጉዳይ የምቾት ብቻ አይደለም፤ የእውነት ጉዳይ ነው። በ2019 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በሙያቸው በሰፊው የሚሠራባቸው አጫጭር የፓይተን ፕሮግራሞች በተለያየ ኮምፒውተር ላይ የተለያየ ውጤት እንደሚሰጡ ደረሱበት። ስህተቱ ቀላል ነበር፤ ፕሮግራሙ ፋይሎች በቅደም ተከተል ይመጣሉ ብሎ ገምቷል፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር ግን በሌላ ቅደም ተከተል ያመጣቸዋል። መልሱ የተሳሳተበት ተመራማሪ ቢኖር ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ሶፍትዌሩን በየጊዜው የሚፈትሽ፣ የታወቀ መልስ ባለው ናሙና የሚሞክር ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በ2012 የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ የሚል የሙያ ስም አወጡለት። ከዚያ በፊት የሚቀጠሩት በተመራማሪነት ስም ነበር፤ እድገታቸው ደግሞ የሚለካው ሥራቸው ባልነበረው በጽሑፍ ብዛት ነበር። እኛ ዘንድ መደቡ ስለሌለ ሥራው የሚወድቀው ወይ ኔትወርክና ፕሪንተር በሚጠግነው የአይሲቲ ሠራተኛ ላይ፣ ወይ በፈቃደኛ መምህር ላይ ነው።

ከአፍሪካ የሚጠቀሱት ምሳሌዎች ይህንኑ ያጠናክራሉ። ኬፕታውን የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የከባድ ስሌት ማዕከል በ2016 ሌንጋው የተባለ ማሽን ተክሏል፤ ፍጥነቱ አንድ ፔታፍሎፕ ያህል ነው፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ስሌት ማለት ነው። ሞሮኮም ቱብካል የተባለውን ተክላ ከ500ዎቹ ዝርዝር ገብታለች። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ሬንጀር የተባለው የቴክሳስ ሱፐር ኮምፒውተር በ2013 ከአገልግሎት ሲወጣ አካሉ ተከፋፍሎ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነርሱም ለቦትስዋናና ለታንዛኒያ፣ እንዲደርስ ተደረገ። የኬፕታውን ሰዎች ከብረቱ ጋር ሥልጠና አብረው ላኩ፤ ኦፕን ኤችፒሲ የተባለውን ነፃ የሶፍትዌር ስብስብ እየተከሉ የሚማሩ ሠራተኞችን አፈሩ። ያረጀ ማሽን በሠለጠነ ሰው እጅ ዓመታት ያገለግላል፤ አዲስ ማሽን ሰው ከሌለው ሳጥኑ ውስጥ ያረጃል። ናይሮቢ ላይ ደግሞ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የራሱን ክላስተር ለባዮኢንፎርማቲክስ ያሠራል፤ ማሽኑ መጠነኛ ሲሆን የአጠቃቀም መመሪያው በግልጽ ተጽፎ መቀመጡ ነው የሚያስቀናው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ጅምሮቹ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ይበዛሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በከባድ ስሌትና በግዙፍ መረጃ ትንተና ላይ የልህቀት ማዕከል አቋቁሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2018 የአፍሪካ የኤሌክትሮን መዋቅር ስሌት ትምህርት ቤትን አስተናግዷል፤ ኳንተም ኤስፕሬሶን የመሰሉ ሶፍትዌሮች የሚማሩበት፣ ጣሊያን ትሪየስቴ ካለው የአብዱስ ሰላም የፊዚክስ ማዕከል ጋር የተቆራኘ ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጠና የወሰደ የፊዚክስ መምህር ወደ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ባዶ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ስሌቱን በርቀት ውጭ ባለ ማሽን ላይ ይሠራል። በአማራ ክልል ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ጋር በውኃና በሰብል ትንበያ ላይ ሠርቷል፤ የቆጋ መስኖ ገበሬዎች ዝናቡን ቀድመው እንዲያውቁ የታሰበበት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ፣ ኢተርኔት፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካው ኡቡንቱኔት አባል ነው። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ይቻላል፤ የሚመላለስበት ሥራ ነው የጎደለው።

ጎንደር ላይ ዛሬ ያለው የስሌት ባህል ምን ይመስላል? በሕዝብ ጤና በኩል የበሰለ ነው። የ2000፣ የ2005፣ የ2011ና የ2016 ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችን መረጃ ወስዶ በብዙ ደረጃ ሞዴል መተንተን፣ የበሽታና የክትባት ጉድለት የሚበዛባቸውን ቦታዎች ሳትስካን በተባለ ሶፍትዌር ማግኘት፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በብዛት የሚያሳትሙበት ዘርፍ ነው። መሣሪያዎቹ ስታታ፣ ኤስፒኤስኤስና አር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በገንዘብ የሚገዙ ናቸው፣ በሀገራችን ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያሉትም ፈቃድ ያልተከፈለባቸው ቅጂዎች ናቸው። አር በነፃ ይገኛል፣ ክላስተር ላይም ያለ ፈቃድ ጣጣ ይሠራል። አንድ መምህር ሞዴሉን አስነስቶ ላፕቶፑን ክፍት አድርጎ ያድራል፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ባትሪው ካለቀ ጠዋት ከዜሮ ይጀምራል። ስሌቱ የደረሰበትን በየሰዓቱ እየጻፈ ቢሄድ ኖሮ ከዚያው ይቀጥል ነበር። ይህን የሚያሳየው የድጋፍ ባለሙያ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ኔትወርኩን እናስላ። 30 ጊዜ ተደጋግሞ የተነበበ የአንድ ሰው ጂኖም ጥሬ ፋይል እስከ 100 ጊጋባይት ይደርሳል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ይህን ለመላክ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ሳይቆራረጥ። ከነሐሴ 2023 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ መረጃን ሁሉ ውጭ ልኮ ማሰላት ምን ያህል አደገኛ ጥገኝነት እንደሆነ ይረዳል። የዳባት ቤተሰቦች የጤና መረጃ ደግሞ ያለ ጥንቃቄ ድንበር ማለፍ የሌለበት የሰው ምስጢር ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰርቨር ማቀዝቀዝ ቀላል ይመስላል። እውነት ነው፣ ግን በከፊል። የሳሳ አየር ብዙ ሙቀት አይሸከምም፤ ስለዚህ የተለመዱ የሰርቨር መመዘኛዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። ለጎንደር ይህ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከጎንደር ከፍ ለምትለው ደባርቅ ከዚያም ይበልጣል። የውጭ ጨረታ ሰነድ እንዳለ ሲገለበጥ ይህ ይዘለላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ምንድን ነው? የእኔ ፍርድ ከሰው ይጀመር የሚል ነው። ሁለት የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ መደብ፣ ከእነርሱ ጋር ጥቂት ኖድ ያለው ክላስተር፣ ጥሩ የባትሪ መጠባበቂያና ጄኔሬተር። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ከመግዛት ከጎንደር ጋር ቢጋራ ይሻለዋል፤ 100 ኪሎ ሜትር ለኔትወርክ ምንም አይደለም። እስከዚያው ጋላክሲን የመሰሉ በድረ ገጽ የሚሠሩ ነፃ የትንተና አገልግሎቶች ስላሉ፣ የባዮሎጂና የጤና ተማሪዎች ከዛሬ ጀምረው ሊለማመዱባቸው ይችላሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎችም ከዌብሳይትና ከመተግበሪያ ሥራ ሌላ እንዲህ ያለ ሙያ እንዳለ ይወቁ፤ ሊኑክስ፣ ስለርምና ስፓክ ሦስቱም በነፃ የሚማሩ ናቸው።

የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አመራሮች በቀጣዩ ዓመት በጀት ውስጥ ይህን መደብ ይክፈቱ። የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ የውጭ አጋሮችም፣ ናሙና ከሰሜን ተራሮችና ከዳባት ሲወስዱ፣ ለስሌት ከሚመድቡት ብር ለዚህ ሰው ደመወዝ የሚሆነውን እዚሁ ጎንደር ይተዉ።